በእጅ የተጻፈች ወረቀት በዋግ አገር ያላት ክብር

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ ጥቂት ስለ ሆነ ዛሬ ስለ ትልቅ መጽሐፍ ወይም ስለ ታላቅ ደራሲ አልናገርም። ልነግራችሁ የምፈልገው በየቤታችን በሙዳይ ውስጥ፣ በሣጥን ሥር ወይም በላስቲክ ተጠቅልላ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥላ ስለምትኖረው በእጅ ስለ ተጻፈች ወረቀት ነው። ይህች ወረቀት አንዳንድ ጊዜ የብድር ውል ናት፤ አንዳንድ ጊዜ የጋብቻ ውል፣ ኑዛዜ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የማኅበር ስም ዝርዝር ወይም ከሩቅ አገር የመጣች ደብዳቤ ናት። የጻፋትን ሰው ስም ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የለም። ዋጋዋን ግን ባለቤቷ ያውቀዋል፤ ቤቱ እሳት የተነሣበት እንደ ሆነ ከልጆቹ ቀጥሎ ይዞ የሚወጣው እርስዋን ነውና።

በአገራችን ሁለት ተረቶች አሉ። አንደኛው «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላል። ሁለተኛው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናያቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አንደኛው የሰውን ቃል ከልጅ በላይ ሲያከብር፣ ሁለተኛው ቃል ጠፊ ነው ብሎ ጽሕፈትን ያስቀድማል። ነገር ግን አባቶቻችን ሁለቱንም ይዘው ኖረዋል። እንዴት እንደ ያዙት ለማወቅ የፈለገ ሰው በየቤቱ ያሉትን ወረቀቶች ማየት ይበቃዋል፤ የዛሬው ንግግሬም ይህን ለማስረዳት ነው።

ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የገበያ ከተማ ናት። በአፋር በረሓ የተቆረጠው አሞሌ ጨው ወደ ደጋው ሲወጣ ከሚደርስባቸው ገበያዎች አንዱ የሰቆጣ ገበያ ነበር። እንዲህ ባለው ገበያ ነጋዴ ከነጋዴ በዱቤ ሳይወስድ መኖር አይችልም። የዱቤው መያዣም ቃል፣ ዋስና እማኝ ነበሩ። ስለዚህ ወረቀት በመጣ ጊዜ ባዶ ቦታ አላገኘችም፤ ዋሱንና እማኙን በቦታቸው አገኘቻቸው። እነርሱንም ሳታባርር ስማቸውን በላይዋ ጻፈች። ዛሬም አንድ የመንደር ውል ብታነቡ ከግማሽ የሚበልጠው የሰው ስም ነው፦ ተበዳሪ እገሌ፣ አበዳሪ እገሌ፣ ዋስ እገሌ፣ ምስክሮች እገሌና እገሌ፣ ጸሐፊ እገሌ። ወረቀቷ የሰዎችን ጉባኤ አጣጥፋ የያዘች ናት ማለት ነው።

በአገራችን መሬትን የሚመለከት ጽሕፈት ከሁሉ በፊት የተቀመጠው በቤተ ክርስቲያን ነው። ነገሥታት ለገዳማት ጉልት ሲሰጡ ቃላቸው በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን የሚቆጥሩባቸው የዛጔ ነገሥታት የሰጡት ጉልት በእንዲህ ያለው ወንጌል ተመዝግቦ ይገኛል፤ በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ ያለው የወርቅ ወንጌል ለዚህ ምስክር ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌልም እንደዚሁ የ13ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ሲሆን በውስጡ የመሬት ጽሕፈት አለበት። ከዚያም በኋላ በጎንደር ዘመን ተራ ሰው መሬት ሲሸጥና ሲገዛ ውሉ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ይጻፍ ጀመር። በእነዚህ ጽሕፈቶች ብዙ ጊዜ የንጉሡ ወይም የሹሙ ስም፣ የምስክሮቹ ስም፣ በመጨረሻም ቃሉን የሚያፈርስ ሰው በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይገኛል። የዕለት ጉዳይን ከወንጌል ቃል ጋር በአንድ ጥራዝ ማስቀመጥ ለዘመኑ ሰው ድፍረት አልነበረም። ወንጌል የማይሰረቅና የማይፋቅ ሣጥን ነበረ።

ስለ ዕዳ ወረቀት ያለን ስሜት ደግሞ ከዚህ ይልቅ የጠለቀ ነው። በየዓመቱ በጥምቀት በዓል ካህናት የሚያስተምሩትን ሁላችንም ሰምተናል። ዲያብሎስ አዳምንና ሔዋንን አታልሎ ባሮቹ መሆናቸውን የሚናገር የዕዳ ደብዳቤ አጻፋቸው፤ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል ሸሸገው፤ ክርስቶስም በዮርዳኖስ ሲጠመቅ የዮርዳኖሱን፣ ወደ ሲኦል ሲወርድ የሲኦሉን ደመሰሰው ይባላል። እንግዲህ ይህን ትምህርት ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማ ገበሬ በዕዳ ወረቀት ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ የሚሰማው ነገር ከገንዘብ ቍጥር በላይ መሆኑ አያስደንቅም። ዕዳውን ከፍሎ በጨረሰ ጊዜም «ወረቀቴን ስጠኝ» ይላል፤ ወረቀቷም በምስክሮች ፊት ትቀደዳለች። ያልተቀደደች ወረቀት ያልተፈታች እስራት ናትና።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎችም በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርታችን ይህንኑ የሚመስል ነገር አግኝተናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት የልጁን ዕዳ እኔ እከፍላለሁ ካለ በኋላ ይህን በገዛ እጁ መጻፉን ይናገራል። ጳውሎስ መልእክቶቹን ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ያጽፍ ነበር፤ ዋስ በሆነ ጊዜ ግን ብዕሩን ራሱ ያዘ።

የሕጋችንም አስተያየት ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ የብድር ውል በጽሕፈት ወይም በመሐላ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። በጽሕፈት እንዲደረግ የታዘዘ ውልም የተዋዋዮቹ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። ነገር ግን ኑዛዜው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ በራሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑ የተገለጸ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ከሆነ ያለ ምስክር ይጸናል። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እናስተውል። የአንድ ሰው የእጅ ጽሕፈት በአራት ሰዎች ምስክርነት ቦታ ቆመ ማለት ነው። ፊደል መማር እንዲህ ያለ ኃይል እንደሚሰጥ ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን?

ፊደል ያልተማረውስ? እርሱ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፋል። ሕጉ ይህንንም አስቦበታል፤ መፈረም የማይችል ሰው በወረቀት ላይ ያሳረፈው የጣት ምልክት የሚያስረው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት የተረጋገጠ እንደ ሆነ ነው ይላል። ይህ የታዘዘው በከንቱ አይደለም። ማንበብ የማይችል ሰው የጸሐፊው እስረኛ ነውና።

በዋግ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙ ሰው በቤቱ የሚናገረው ኽምጠኛ ነው። ወረቀቷ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ የምትጻፈው በአማርኛ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሁለት ገበሬዎች በኽምጠኛ ይስማማሉ፤ ጸሐፊው በአማርኛ ይጽፈዋል፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ ካነበበ በኋላ መልሶ በኽምጠኛ ያስረዳቸዋል፤ እነርሱም ሰምተው ይፈርማሉ። ቃሉ ሁለት ጊዜ ወንዝ ተሻግሮ ተመለሰ ማለት ነው። «ተነቦልን፣ ተረድተነው ፈረምን» የሚለው የውል መደምደሚያ በሌላ አገር የልማድ ቃል ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን የውሉ ጉልበት ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ጸሐፊው በትርጉም ጊዜ አንዲት ቃል ቢያጎድል፣ «ለዓመት» የተባለውን «ለዘለቄታ» ብሎ ቢጽፍ፣ መሬት ከእጅ ይወጣል። ኽምጠኛ በትምህርት ቤት መሰጠቱና በግዕዝ ፊደል መጻፉ ስለዚህ ትልቅ ነገር ነው። አንድ እናት በአፍዋ የተናገረችውን ቃል በዚያው በቋንቋዋ ተጽፎ ልታየው የምትችልበት መንገድ ተከፍቷልና።

እንግዲህ የእጅ ጽሕፈትን የማመሰግነው እንከን የለባትም ብዬ አይደለም። ወረቀት ትሰረዛለች፤ ትደለዛለች፤ በሐሰት ትጻፋለች። ጭስና አይጥ ያጠፋታል። በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ ከሚጽፉት፣ ራፖር ጸሐፊ ከምንላቸው ሰዎች መካከል የድኻውን ነገር አጣርተው በጥቂት ገንዘብ የሚጽፉ ደጎች አሉ፤ ነገሩን የሚያወሳስቡም አሉ። ይሁን እንጂ ይህ ጉድለት ከወረቀቷ የመጣ አይደለም፤ አንባቢ ከማነሱ የመጣ ነው። አሥር አንባቢ ባለበት መንደር ሐሰተኛ ጸሐፊ አይጠግብም።

ስለ ደብዳቤም ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ ፖስታ የተመሠረተው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ነው፤ አገራችን የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ በ1901 ዓ.ም. ነው። በገጠር ግን ደብዳቤ ለረጅም ጊዜ የሄደው በመንገደኛ እጅ ነው። የአጻጻፉን ሥርዓት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ይድረስ ከሚለው በኋላ የጤና ጥያቄ፣ ቀጥሎ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ»፣ ቀጥሎ የዘመዱ ሁሉ ሰላምታ በየስሙ፣ በመጨረሻ አጭር ጉዳይ። ከተሜ ሰው በዚህ ይስቃል፤ ገጹ በሰላምታ አልቆ ጉዳዩ ሁለት መስመር ሆነ ይላል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ሰላምታው ራሱ ጉዳይ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በወሎና በትግራይ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ጊዜ ከወሎ እጅግ ብዙ ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አገር ሰፍሯል፤ ዋግም በዚያን ጊዜ ከወሎ ክፍለ ሀገር አውራጃዎች አንዱ ነበር። እንዲህ ከተለያየ ዘመድ ደብዳቤ ሲመጣ በሰላምታው ላይ የተጠራው ስም ሁሉ በሕይወት አለ ተብሎ የታሰበ ሰው ስም ነው፤ ያልተጠራው ስም ደግሞ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው። ደብዳቤዋ በብዙ ሰው መካከል ጮክ ተብላ የምትነበበው ስለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል።

ከቤት ወረቀቶች ሁሉ ዛሬ ከፍ ያለ ቦታ ያላት የመሬት ይዞታ ደብተር ናት። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ ዓመታት የገጠር መሬት ምዝገባ በተጀመረ ጊዜ ለገበሬው የተሰጠው አረንጓዴ ደብተር በእጅ የሚሞላ ነበር፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍም በአንድነት ይገባበት ነበር። ብዙዎቹ እናቶቻችን ስማቸው በመንግሥት ጽሕፈት ላይ ከመሬት ጋር ተያይዞ ሲጻፍ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ባልዋ የሞተባት ሴት የባልዋ ዘመዶች «መሬቱ የወንድማችን ነው» ብለው ሲመጡባት ደብተርዋን ታወጣለች። ማንበብ ባትችልም ስምዋ የተጻፈበትን መስመር በጣትዋ ታሳያለች። የተማረ ልጅ እንደዚህ ያለችውን እናት ማክበር ይገባዋል፤ ፊደል ሳታውቅ የጽሕፈትን ጥቅም ከእርሱ ይልቅ አውቃለችና።

ወረቀት የጠፋባቸውንም ማሰብ ይገባናል። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ በደረሰ ጊዜ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ በሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠልሎ ነበር። ሕፃን ያዘለና ሽማግሌ የሚደግፍ ሰው ሣጥን አይሸከምም። ቤት ተሠርቶ ይተካል፤ ከብትም በጊዜው ይረባል፤ ምስክሮቹ የሞቱባት የውል ወረቀት ግን አንድ ጊዜ ከጠፋች ማን ይተካታል? በዚህ ነገር ሳስብ ነቢዩ ኤርምያስ ትዝ ይለኛል። ኢየሩሳሌም ተከባ ሳለች፣ ከተማይቱም እንደምትወድቅ እያወቀ፣ በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ፤ ውሉን ጻፈ፤ ምስክሮች አቆመ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱን ግልባጭ ለብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖራቸው ባሮክን አዘዘው። በዚያ በጭንቅ ቀን የመሬት ውል መጻፍ ሕዝቡ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ማመን ነበር። ሁለት ግልባጭ ማድረጉንም ልብ በሉ፤ እኛ ልንማረው የሚገባ ጥበብ ነው።

አሁን አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነገር ነው» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጊዜው ተለውጧል። በ2004 ዓ.ም. ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 ወጥቶ ልደትና ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በመንግሥት መዝገብ መጻፍ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። በ2015 ዓ.ም. ስለ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284 ወጥቶ ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ሥራ ላይ ውሏል። የመሬት ደብተሩም በሁለተኛው ምዝገባ ካርታ ባለበትና በኮምፒዩተር በታተመ ወረቀት በመተካት ላይ ነው። እኔም ይህን አልቃወምም፤ በእሳትና በአይጥ የማይጠፋ መዝገብ ለድኻ ይጠቅማል። ነገር ግን አዲሱ መዝገብ የሚጠይቀውን ጥያቄ የሚመልሰው ማን ነው? አባትህ መቼ ተወለደ፣ ድንበሩ የት ነበር፣ ጋብቻው በስንት ዓመተ ምሕረት ተደረገ ሲባል መልሱ ያለው በዚያች በጠቆረች ወረቀት ላይ ነው። በኮምፒዩተሩ የተሳሳተ ስም የገባ እንደ ሆነም ስሕተቱን የምታስረዳው ያችው አሮጌ ወረቀት ናት። አሮጌውን ጥሎ አዲሱን የሚቀበል ሰው መሰላሉን በቆመበት የሚቆርጥ ነው።

የተናቀ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስተምር ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ልስጥ። በካይሮ አጠገብ በፉስጣጥ የነበሩ አይሁድ የእግዚአብሔር ስም ያለበትን ጽሕፈት መጣል ነውር ነው ብለው ያረጀውን ወረቀት ሁሉ ለብዙ መቶ ዓመታት በምኩራባቸው በአንድ ክፍል አጠራቀሙት። በ1889 ዓ.ም. ሰሎሞን ሼክተር የተባለ ሊቅ ሄዶ ብዙውን ክፍል ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አመጣው። በውስጡም የነጋዴ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ውል፣ የገበያ ሒሳብ፣ ፊደል የሚማሩ ሕፃናት የሞነጫጨሩት ወረቀት እንኳ ተገኘ። በእኛ አገር ዛጔዎች በነገሡበት ዘመን ግብጽ ውስጥ የነበረ ተራ ነጋዴ ምን ይበላ፣ ምን ይለብስ፣ ለሚስቱ ምን ይጽፍላት እንደ ነበር ዛሬ ይታወቃል። በዚያው ዘመን የሰቆጣ ነጋዴ ለሚስቱ ምን ይልክላት እንደ ነበር ግን የሚነግረን ወረቀት በእጃችን የለም። ከእኛ የተረፈውም ቢሆን ሁሉ በአገሩ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዷቸው መጻሕፍት ብዙዎቹ በለንደን ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በኅዳጋቸው የጎንደርን ሰዎች የመሬት ውል የያዙ አሉ።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ትምህርታቸውን ለሚጨርሱ ጓደኞቼ ሦስት ነገር እለምናለሁ። መጀመሪያ፣ ወደ ቤታችን ስንመለስ ወላጆቻችንን ፈቃድ ጠይቀን ወረቀቶቻቸውን እናንብብላቸው፤ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ቃል ሳንጨምርና ሳናጎድል። ምናልባት ለዓመታት ያስቀመጧት ወረቀት ምን እንደምትል የሚሰሙት ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ነቢዩ እንዳደረገው ሁለተኛ ግልባጭ እናድርግ፤ በእጅ መገልበጥ ይቻላል፤ ፎቶግራፍ ማንሣትም ይቻላል፤ ግልባጩ ግን ከዋናው ጋር በአንድ ቤት አይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ለጎረቤት ደብዳቤ ወይም ማመልከቻ የጻፍን እንደ ሆነ ከመፈረሙ በፊት ጮክ ብለን እናንብብ፤ ስማችንንም «ጸሐፊ እገሌ» ብለን በግልጽ እናኑር። ስሙን የሚጽፍ ጸሐፊ ለመዋሸት ይፈራል።

የተማረ ሰው በመንደሩ የሚከበረው በዲፕሎማው አይመስለኝም። የሚከበረው አንዲት መበለት ያለ ፍርሃት ወረቀትዋን የምትሰጠው ሰው ሲሆን ነው። ይህ ትምህርት ቤት ፊደል አስተምሮናል፤ ከዚህ በኋላ በእጃችን የምንጽፈው ቃል እውነት እንዲሆን መጠበቅ የእያንዳንዳችን ፋንታ ነው።